እትዬ አህይትና በየመስከረሙ ያደገው ቁና

አንድ ጊዜ፣ ሣሩ የሁሉ ውሃው ግን የአንድ ጌታ በነበረበት አገር፣ እትዬ አህይት የምትባል ጭነት ያንገሸገሻት አህያ ትኖር ነበር። በዚያ አገር ያለው ምንጭ አንድ ብቻ ነው፤ ጌታውም አያ አንበሶ ነው። ምንጩን አልቆፈረውም፤ አንድ ድንጋይ እንኳ አላስቀመጠበትም። አንድ ቀን መጥቶ አጠገቡ ተጋደመና «የኔ ነው» አለ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ የሱ ሆነ። ሕጉ በሙሉ ይኸው ነው።

የእትዬ አህይት ሥራ ከቆላ ገብስ እየጫኑ፣ ዳገቱን ወጥቶ የአያ አንበሶን ጎተራ መሙላት ነበር። አንበሳ ገብስ ምን ያደርግለታል ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፤ እሱም አያውቀውም። ብቻ ጎተራው ሞልቶ ሲያየው ደስ ይለዋል። ለእሱ ደስታ ሲባል የስንቱ ጀርባ ተላጠ!

ደመወዟ በወር ሦስት ቁና ገብስ ነው። ቁና እንደምታውቁት ከስንደዶና ከአክርማ ዙር በዙር የሚሰፋ የእህል መስፈሪያ ነው። ከሦስቱ ቁና አንዱ «የውሃ» ተብሎ እዚያው ጎተራው በር ላይ ይቀራል፤ ሁለቱን ይዛ ቤቷ ትገባለች። ምንጩን የሚጠብቀው አያ ጅቦ ነው። የሚጭን እንስሳ ሲመጣ አንገቱ ላይ ያለውን የጭነት ገመድ አይቶ ያሳልፈዋል። ገመድ የሌለው ግን በየወሩ አንድ ቁና ገብስ ይዞ መጥቶ፣ አያ ጅቦ ጎጆ ውስጥ አስፍሮ ነው ውሃ የሚቀምሰው።

እትዬ አህይት ገና በጉብዝናዋ ነው ዕረፍት ያማራት። ምክንያቱን ልንገራችሁ። እናቷ ጉልበቷ እስኪከዳት ድረስ ጭናለች። አንድ ቀን ዳገቱ መሐል ወደቀች። የጎተራው ሹም አለቃ ቀበሮ እየሮጠ መጣ፤ መጥቶም ጭነቱን በሌላ አህያ አስጭኖ ሄደ። በማግስቱ እትዬ አህይት ስትደርስ ያገኘችው አራት ሰኮና ብቻ ነው። አያ ጅቦ ቁጥቋጦ ሥር ተቀምጦ ጥርሱን እየፋቀ «ነፍስ ይማር» አላት።

ያን ቀን ለራሷ ቃል ገባች። «እኔ ወድቄ አይደለም የማርፈው። ቆሜ ነው የማርፈው። እግሬ እያለ፣ ዓይኔ እያየ፣ ሣር እየጋጥኩ በልቤ ደስታ!»

ተቀምጣም አሰላችው። ካረፈች ገብስ መብላት አያስፈልጋትም፤ ገብስ የጭነት ምግብ ነው፣ ለዕረፍት ሣር ይበቃል። የሚያስፈልጋት የውሃው ብቻ ነው፤ በወር አንድ ቁና። ከሁለቱ ቁና አንዱን ብትበላና አንዱን ብታስቀምጥ አንድ ወር የጫነችው አንድ ወር ያሳርፋታል። አሥር ዓመት ከጫነች አሥር ዓመት ታርፋለች። ለአህያ ከዚህ በላይ ምን አለ?

ከቤቷ ጓሮ ጉድጓድ ቆፍራ፣ ጭድ አንጥፋ ማጠራቀም ጀመረች። ነቀዝ እንዳይበላው የከረመውን እየበላች አዲሱን ትከታለች። ጨው ሲወደድ ጨው መላስ ተወች። ጋሽ በቅሎ፣ የዳገቱ ጓደኛዋ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ «ነይ እንጂ እትዬ፣ ዛሬ ጠላ ቤቶቹ አተላ ያወጣሉ! አንድ ሁለት ጎንጨት ብንል ምን ይጎድልብሻል?» ሲላት አፏ ውሃ እየሞላ «ይቅርብኝ ጋሼ» ትላለች። ቋጣሪ ብለው አሟት። እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

ታዲያ በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ አለቃ ቀበሮ ኩይሳ ላይ ይወጣና ጉሮሮውን ይጠራርጋል።

«ወገኖቼ!» ይላል፤ «ኑሮ በየአገሩ ጣራ ነክቷል! ከወንዝ ማዶ ጨው እሳት ሆኗል፤ ሣር እንኳ በሸክም ይሸጣል አሉ። እኛ ዘንድ ግን በጌታችን ቸርነት የውሃ ዋጋ አንዲት ፍሬ አልጨመረም! አምና አንድ ቁና ነበር፤ ዘንድሮም አንድ ቁና ነው!»

እንስሳቱ እልል ይላሉ። ከሁሉ አስበልጣ የምታናፋው እትዬ አህይት ነበረች። ሂሳቧ አልተነካማ!

ስምንተኛው ዓመት ላይ ጋሽ በቅሎ ገመዱን ፈትቶ አረፈ። በስምንት ወሩ ግን አንገቱን ደፍቶ ተመልሶ መጣና ጭነት ተቀበለ። ምን እንደ ሆነ ብትጠይቀው ፊቱን አዞረባት። «አተላ ቤት ጨርሶት ነው» አለች እትዬ አህይት በልቧ፤ ለሁለት ሦስት ጎረቤትም ሹክ አለች። ይህን ያለችው ክፉ ሆና አይደለም። ደህና ያጠራቀመ ሰው፣ የተቸገረ ሁሉ አባክኖ የተቸገረ ይመስለዋል።

አሥሩ ዓመት ሞላ። ጉድጓዱ ውስጥ መቶ ሃያ ቁና ገብስ ገባ። እትዬ አህይት የጭነት ገመዷን ፈትታ ጎተራው በር ላይ አስቀመጠችው።

አለቃ ቀበሮ ገመዱን አንሥቶ እያየ ፈገግ አለ። «በዚህ ዕድሜሽ? እግርሽ እኮ ገና ነው።»

«ለዚያ ነው ያረፍኩት» አለችው።

በመጀመሪያው ወር የመጀመሪያ ቀን አንድ ቁና ገብሷን ሞልታ፣ ጭንቅላቷን ቀና አድርጋ ወደ ምንጩ ሄደች። ቁናዋ የራሷ ነው፤ ጎተራው በር ላይ ደመወዝ በሚሰፈርበት ልክ ያሰፋችው።

«ደህና አደርክ አያ ጅቦ?»

«እግዜር ይመስገን እትዬ። ገመድሽስ?»

«አርፌያለሁ። ይኸው የውሃው፤ አንድ ቁና።»

አያ ጅቦ ጎጆው ውስጥ አስገብቷት የራሱን ቁና ከጥግ እየጎተተ አወጣ። እየጎተተ ነው የምላችሁ! እትዬ አህይት ወር በወር ወደ ጎተራው ገብስ የሚያመላልስበት ቅርጫት መሰላት። ገብሷን ተቀብሎ ገለበጠበት። ገብሱ ታች ወርዶ የቁናውን ወለል ሸፈነና ቆመ።

«ቀሪውስ?» አለ አያ ጅቦ።

«የቱ ቀሪ? አንድ ቁና ነው እኮ ያመጣሁት!»

«አንድ ቁና ይህ ነው» አለና በመዳፉ ትልቁን ቁና ቸብ ቸብ አደረገው። «እስኪሞላ ነው። ሲሞላ ደግሞ እስኪቆለል ነው። ሲቆለል ደግሞ ምርቃት አለ። ምርቃቱ የኔ ነው።»

እትዬ አህይት ደሟ ፈላ። «አያ ጅቦ፣ ቁናው መቼ ነው እንዲህ የሆነው?»

አያ ጅቦ ነገር መደበቅ የሚባል አልተፈጠረበትም፤ ለዚህ እንኳ አእምሮ ያስፈልጋል። «መስከረም መስከረም እኮ እንኮዬ ጦጢት አንድ ዙር ትሰፋበታለች» አላት ደስ ብሎት፤ «አለቃ ቀበሮ ነው የሚያዛት። ለአዲስ ዓመት ጌጥ ነው። አያምርም?»

«የደመወዙስ ቁና? እሱም ያጌጣል?»

«እሱማ ምን ያስጌጠዋል! እሱ ለእናንተ መስጫ ነው።»

ቤቷ ተመልሳ ሁለተኛ ቁና አመጣች፤ ወገቡ ላይ ቀረ። ሦስተኛ አመጣች፤ እሱ ሲገባ ነው ትልቁ ቁና የሞላውና የተቆለለው። ሦስት ቁና! አያ ጅቦ ከቁልሉ ላይ ምርቃቱን በመዳፉ ጠርጎ አፉ ውስጥ ከተተና ገብስ እንደማይወድ ትዝ ሲለው ተፋው። ከዚያ ሰኮናዋን እያየ «አይዞሽ እትዬ» አላት፤ «ስትደክሚ እኔ አለሁ።»

ውሃውን ጠጣችው፤ አልጣማትም። ቤቷ ገብታ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመች። መቶ ሃያ ለሦስት፣ አርባ። አርባ ወር፤ ሦስት ዓመት ከአራት ወር። አሥር ዓመት ጨው ያልላሰችበት፣ አሥር ዓመት ከአተላ የሸሸችበት፣ ቋጣሪ የተባለችበት ገብስ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆኖ ቁጭ አለ። የቀረው ስድስት ዓመት ከስምንት ወር ወዴት ሄደ? ሌባ አልገባ፤ ነቀዝ አልበላው፤ ጉድጓዱ እንደ ተከደነ ነው። እዚያው ባለበት ነው የተሰረቀው።

ያን ጊዜ ጋሽ በቅሎ ትዝ አላትና ኀፍረት ወረራት። ዳገቱ ሥር ጠብቃ አስቆመችው።

«ጋሼ፣ ያኔ ለምን አልነገርከኝም?»

ጋሽ በቅሎ ጭነቱን እንደ ተሸከመ መሬት መሬት አየ። «ምን ብዬ? ያጠፋሁት እኔ መስሎኝ ነበር» አለ። «በስምንት ወር ሲያልቅብኝ፣ መቁጠር ባልችል ነው አልኩ። አተላውን ባበዛ ነው አልኩ። አንቺ ቆጥበሽ፣ እኔ አባክኜ... አፈርኩሽ።»

«የበሉህ እነሱ፣ ያፈርከው አንተ!» አለች እትዬ አህይት፤ ድምፅዋ ዳገቱን ሞላው። «ይቅር በለኝ ጋሼ፤ እኔም አምቼሃለሁ። ቅዳሜ ና፤ ሌሎቹንም ይዘህ ና።»

ያ ቅዳሜ የወሩ ደመወዝ የሚሰፈርበት ቀን ነው። አህዮቹ፣ በቅሎዎቹና በሬዎቹ ጭነታቸውን እንደ ያዙ ጎተራው ፊት ተሰልፈዋል። አያ አንበሶ ከጥላው ሥር ተጋድሟል። አያ ጅቦም እንደ ልማዱ የወሩን የውሃ ገብስ በትልቁ ቁና ሞልቶ እየጎተተ መጥቶ አራግፎ ተቀምጧል። እትዬ አህይት ያለ ገመድ መሐል ገባች።

«ጌታዬ፣ አቤቱታ አለኝ።»

አያ አንበሶ አንድ ዓይኑን ገለጠ። «ምን ሆንሽ?»

«የውሃው ዋጋ ጨመረብኝ።»

«ሐሰት!» አለ አለቃ ቀበሮ ዘሎ ተነሥቶ። «ይፍረዱኝ ጌታዬ! ጉባኤው ሁሉ ሰምቷል። እትዬ፣ ድሮ ስንት ነበር?»

«አንድ ቁና።»

«አሁንስ?»

«አንድ ቁና፤ ግን...»

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው የምታናፊው?» አለ አያ አንበሶ፤ ዓይኑንም መልሶ ከደነ።

አለቃ ቀበሮ ዓይኑን በጨው አጥቦ ወደ እትዬ አህይት ቀረበና ድምፁን አለሰለሰ። ከመስረቁ ይልቅ እኔን የሚያናድደኝ ይህ ምክሩ ነው።

«እኅቴ፣ ችግሩ ያለው አያያዝሽ ላይ ነው» አላት። «በቀን ሁለት ጊዜ ትጠጫለሽ አሉ። አንድ ጊዜ ቢሆንስ? ጠዋት ጠዋት ጤዛ አለ፤ ነጻ ነው፤ ማን ከለከለሽ? ባለፈው ደግሞ አቧራ ላይ ስትንከባለዪ ታይተሻል። አቧራ ያስጠማል። በዚህ ኑሮ መንከባለል ቅንጦት አይሆንም? ደግሞስ በዚህ ዕድሜ ማረፍ ምን የሚሉት ነው? ሌሎቹ ይጭኑ የለም እንዴ!»

እትዬ አህይት ጀርባዋን ሰጠችው። ጎተራው በር ላይ ያለውን የደመወዝ ቁና በጥርሷ አነሣችና ሄዳ በባዶው ትልቁ ቁና ውስጥ ጣለችው። ትንሹ ቁና ገብቶ ጠፋ። ዙሪያውን ሌላ ሁለት ቁና የሚያስገባ ክፍት ቦታ ቀረ።

«በዚህ ትሰጡናላችሁ» አለች ወደ ውስጥ እያሳየች፤ «በዚህ ትወስዱብናላችሁ። ሁለቱንም አንድ ቁና ትሉታላችሁ። ጓሮው ጉድጓድ ያለው ሁሉ ይቅረብና ይይ!»

ሰልፉ ተነቃነቀ። በሬው መጥቶ አንገቱን አስገብቶ አየ። ከጥጃነቱ ጀምሮ ሰባት ዓመት ያጠራቀመ ነው፤ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ቆጠረ። ከኋላው ያሉት አህዮች አንድ በአንድ መጥተው አዩ። የሁሉም ጉድጓድ እዚያው በቆሙበት ጎደለባቸው።

አለቃ ቀበሮ ፊቱ ተለዋወጠ። «ጌታዬ፣ አጣርቼዋለሁ!» ብሎ ጮኸ። «ቁናውን ያሳደገው አያ ጅቦ ነው!»

«እኔ?» አለ አያ ጅቦ ደንግጦ። «እኔ መስፋት አልችልም እኮ! መቁጠርም አልችልም! አንተ አይደለህ እንዴ እንኮዬ ጦጢትን በየመስከረሙ የምታዛት?»

ጋሽ በቅሎ ሳቀ። መሳቅ ከጀመረ በኋላ ግን ዓይኑ እንባ ሞላ።

እትዬ አህይት ትንሹን ቁና አውጥታ አስቀመጠች። ከዚያ ትልቁን ቁና በሰኮናዋ ረገጠችና ከንፈሩን፣ ማለት የላይኛውን ዙር፣ ነክሳ ጎተተችው። ስንደዶው ተንጣጣ። አኘከችው።

«ይህ የዘንድሮው ነው» አለች።

ሁሉም አፉን ከፍቶ ቀረ። እሷ ሁለተኛውን ዙር ነክሳ ተረተረችና በላችው። «ይህ የአምናው። ጨው የተውኩበት።»

«የመንግሥት ዕቃ! የመንግሥት ዕቃ በላች!» አለቃ ቀበሮ ያዙኝ ልቀቁኝ አለ።

«ሣር ነው፤ ሣር ደግሞ የሁሉ ነው» አለች እያኘከች። «ይህ የካቻምናው። ጋሽ በቅሎ የተመለሰበት።»

አያ አንበሶ ተነሣ። ጎፈሩን ነስንሶ አንድ ጊዜ ሲያገሳ ጎተራው ተንቀጠቀጠ። እውነቱን ለመናገር እትዬ አህይትም ማኘኳን አቆመች። ያን ጊዜ ከኋላዋ አንድ ነገር መሬቱን ሲመታ ሰማች። ጋሽ በቅሎ ጭነቱን ጥሎ ነው። ቀጥሎ በሬው ጣለ። ከዚያ አህዮቹ፣ አንዱ አንዱን እየተከተለ፣ ሰልፉ ሙሉ ጭነቱን አወረደ። አንድም የሸሸ የለም።

አያ አንበሶ መሬት ላይ የተዘረገፈውን ገብስ አየ። ጎተራውን አየ። በዚህ ዕድሜው፣ ገብስ በራሱ እግር ዳገት እንደማይወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባው ያን ቀን ነው። ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ስንት ዙር ነው የተጨመረው?» አለ።

«አሥር» አለች እትዬ አህይት።

«ስንቱን በላሽ?»

«ሦስት።»

አያ አንበሶ አለቃ ቀበሮን በቁጣ አየው፤ ስለ ሰረቀ አይመስላችሁ፣ ስለ ተያዘ ነው። «ጨርሺ» አለ።

ጨረሰችው። እያንዳንዱን ዙር በዓመቱ ስም እየጠራች፣ የመጨረሻው እስኪደርስ በላችው። አያ ጅቦ ተጠግቶ «እትዬ፣ ለኔም አንድ ዙር» ሲላት እንኳ አልሰጠችውም። ሲያልቅ ትልቁ ቁና ከትንሹ ጋር እኩል ሆነ፤ ከንፈሩ የተቦጫጨቀ፣ ምራቅ የነካው፣ ግን እኩል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጠችና «አሁን ስፈርልኝ» አለችው አያ ጅቦን። «ያላግባብ የሰፈርክብኝ ሁለት ቁናም ከዚያ ክምር ላይ ይመለስልኝ።» ለእሷ ከተመለሰላት በኋላ ጋሽ በቅሎ ወደ ፊት ወጣ። ከእሱ ቀጥሎ ማንም ሳይጠራው ሌላ መጣ፤ ፀሐይ እስክትጠልቅ ሲሰፈር ዋለ።

እትዬ አህይት ወደ ቤቷ ስትሄድ አለቃ ቀበሮ ከመንገዱ ዳር ጠበቃት። ሹመቱን አልተነጠቀም፤ እንዲህ ያለውን ማን ይነጥቀዋል! ፈገግታውም ተመልሶለታል።

«በይ እረፊ እንግዲህ» አላት። «መስከረም ግን ሩቅ አይደለም። እንኮዬ ጦጢትም እጇ ደህና ነው።»

እትዬ አህይት ቆም አለችና ጥርሶቿ መሐል የቀረውን ስንደዶ በምላሷ አውጥታ አኘከችው።

«ትስፋው» አለችው። «በየወሩ መጥቼ አየዋለሁ። ሥራ የለኝም፤ አርፌያለሁ።»

ከዚህ የምንማረው ለዕረፍቱ የሚያጠራቅም ሁሉ የጉድጓዱን ገብስ ብቻ ሳይሆን ነገ የሚሰፈርበትንም ቁና በየጊዜው ሄዶ በዓይኑ ማየት እንዳለበት፣ ቁናው አድጎ ቢያገኘውም ጥፋቱ የራሱ መስሎት አፍሮ ዝም ማለት እንደሌለበት ነው።